ባትሪውን ማን በላው

አቃቂ፣ ጥቅምት 12 ቀን 2008 ዓ.ም.

ይድረስ ለእኅቴ ልጅ ለሥርጉት፣ ጅቡቲ፤

ሰላምታዬ ያንን ሙቀት ችሎ ይድረስሽ። የሳሪሱ አቦ ከክፉ ነገር ይሰውሩሽ። እኛ ደህና ነን፤ አክስትሽ አሰጋሽም ጉልበቴን ከማለት በቀር ደህና ናት።

የላክሽው ስልክ በሹፌሩ በቢራ እጅ ደርሶኛል። እግዜር ይስጠው፣ ተሳቢውን ቃሊቲ ጉምሩክ አቁሞ የራሱ ቤት ሳይገባ ነው እኛ ዘንድ የመጣው። ይህንንም ደብዳቤ የሚያመጣልሽ እሱ ነው። ከውጭ ቁጥር የሚደወል ስልክ እንደማላነሣ ታውቂያለሽ። ያነሣ ሰው ሒሳቡ ተሟጦ ይቀራል ተብሎ በእድራችን ተነግሮናል፤ ስለዚህ የምትፈልጊኝ ከሆነ ብዕር አንሺ።

ስለ ስልኩ ልንገርሽ። ሲያዩት ያምራል፤ ግን ሆዳም ነው። ጠዋት እሞላዋለሁ፣ ማታ ባዶውን ይመለከተኛል። እኔ ደግሞ ብክነት አልወድም። ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሺፍት ስመራ በኖርኩበት ዘመን ሁሉ ሰው የሌለበት ክፍል ውስጥ አምፖል በርቶ፣ ጨርቅ የሌለው ማሽን ሲዞር ያየ ሰው ካለ ይምጣና ይመስክር።

ሳሪስ ስልክ የሚጠግን ልጅ አለ፤ መላውን ያሳየኝ እሱ ነው። አንዱን ቁልፍ ስትጫኚው ቀኑን ሙሉ የከፈትሻቸው ሁሉ ተደርድረው ይመጣሉ። እነሱን አንድ በአንድ በጣት ወደ ጎን መጥረግ ነው። በዚያ ላይ ደግሞ የመጥረጊያ ሥዕል ያለበት ነገር ጫነልኝ፤ ስነካው ይሽከረከርና ይህን ያህል ሜሞሪ ነፃ ወጣ ይለኛል። ነፃ የሚወጣውን ሳይ ደስ ይለኛል። ውዬ የማድረው ይህንኑ ስጠርግ ነው። ለእድሩ ሰዎችም አስተምሬአለሁ፤ ዳኛችን አቶ ፈቀደ እንኳ፣ ሚስቱን የማይሰማው ሰው፣ ሰምቶኛል።

ይህን ሁሉ እየዘጋሁ ባትሪው አሁንም አይበረክትም። በተለይ አንዳንድ እሁድ ቤት አስቀምጬው እድር ውዬ ስመለስ፣ ማንም ሳይነካው ባዶ ሆኖ ይጠብቀኛል። እንግዲህ ዕቃው ብልሹ ነው፤ የሸጠችልሽ አሠሪሽ አታልላሻለች። ያንን ፓወር ባንክ የሚሉትን ላኪልኝ።

የዚያን ልጅ ወሬ አልጠየቅሁሽም። ከመርከቡ ወርዶ እናንተ ዘንድ ብቅ ካለ ግን እናትህ ደህና ናት በይው።

አጎትሽ ቀናው


ጅቡቲ፣ ኅዳር 6 ቀን 2008 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ ለጋሽ ቀናው፤

እግዚአብሔር ዕድሜና ትዕግሥት ያብዛልዎ፤ ለእኔም ከሁለተኛው አንድ እፍኝ ይስጠኝ። እትዬ አሰጋሽን ጉልበትሽን ሳምኩ ትላለች በሉልኝ። እዚህ ሙቀቱ ትንሽ በረድ ብሏል፤ ሥራም አለ።

ስልኩ ብልሹ አይደለም። አሠሪዬ ሐጀራም አታላይ አይደለችም። ደብዳቤዎን ስተረጉምላት ቻርጀር የምትሸጥለትን ደንበኛ ትታ ሳቀች። «አጎትሽ ቀኑን ሙሉ የሚጠርጉት ምኑን ነው? ቤቱ እኮ ንጹሕ ነው» ነው ያለችው።

እንደ እሷ አነጋገር ሳይሆን በእኛ አነጋገር ላስረዳዎ። እነዚያ ተደርድረው የሚመጡት አብዛኞቹ ተኝተዋል። የተኛ ነገር ባትሪ አይበላም። ሲጠርጓቸው ይሞታሉ፤ በሚቀጥለው ጊዜ ሲከፍቷቸው ከዜሮ ነው የሚነሡት፤ የሚበሉት ያን ጊዜ ነው። ሜሞሪው ቢሞላም አይጨነቁ። ቦታ ሲጠበው ስልኩ ራሱ የቆየውን ያስወጣል። ባዶ ሜሞሪ ለማን ይጠቅማል? የሚያኮራዎ መጥረጊያ ደግሞ ሲሽከረከር የሚውለው በእርስዎ ባትሪ ነው።

ይህን ያስተማሩን እርስዎ ነዎት። ልጆች ሆነን ምሳ ስናመጣልዎ፣ ናፍጣ ልቆጥብ ብሎ ሌሊት ቦይለሩን ያጠፋውን ሠራተኛ በፋብሪካው በር ላይ ሲያዋርዱት ሰምተናል። «ዳግመኛ ለማሞቅ የሚፈጀውን አታውቅም፣ አንተ ድንጋይ» ነበር ያሉት። ስልክም ያው ነው።

«ያ ልጅ» ያሉት ልጅዎ ዘአማኑኤል ደህና ነው። መርከባቸው በርበራ፣ ጅቡቲ፣ ሞምባሳ ይመላለሳል። ወደብ ደርሶ ዋይፋይ ሲያገኝ ለእርስዎ በኢንተርኔት፣ በኢሞ ይደውላል። እኔ ስልኩን ስልክልዎ ኢሞውን የጫንኩት ለዚሁ ነበር። እርስዎ ግን ኢሞውንም ከሌሎቹ ጋር ይጠርጉታል፤ በዚህ ስልክ ላይ ከተጠረገ ደግሞ አይጠራም። እሱ እያወቁ የዘጉበት ነው የሚመስለው። ፋብሪካውን ትቶ የሄደ ዕለት «ከእንግዲህ ድምፅህን አልሰማም» ብለውታል። እኔ ስደውልለትም አይጠራም፤ ባሕር ላይ ሆኖ ይሆናል፤ የምንገናኘው እሱ ሲደውል ብቻ ነው።

ሌላውን ሁሉ ይጥረጉ፤ ኢሞውን ብቻ ይተዉት። ፓወር ባንኩን ለቢራ ሰጥቼዋለሁ።

ሥርጉት


አቃቂ፣ ኅዳር 29 ቀን 2008 ዓ.ም.

ለሥርጉት፤

ሰላም ላንቺ ይሁን። ጌታ የቀና መንገድ ይምራሽ፤ ቀና ምላስም ቢጨምርልሽ አይከፋም።

ልጅ ለናቷ ምጥ አስተማረች አሉ። ቦይለርን እኔ አውቀዋለሁ። ቦይለር ብረት ነው፣ ውስጡ ውኃ አለ፣ ብረትና ውኃ ዳግመኛ ለማሞቅ ነዳጅ ይፈጃል። ስልክሽ ውስጥ ምን ውኃ አለ? አንቺ ስልክ ትሸጫለሽ እንጂ አልሠራሽውም፤ በርበሬ የሚሸጥ ሁሉ ወጥ አያውቅም። ለአሠሪሽም ንገሪያት፤ ሰው ለዕቃው ሲጠነቀቅ የሚስቅ ነጋዴ ሳይ እኔም እስቃለሁ።

ደግሞስ ቢዘጋ አይጠራም የምትዪው ምን ዓይነት ነገር ነው? የቤቴ በር ሁልጊዜ ዝግ ነው፤ የሚፈልገኝ ያንኳኳል፣ እከፍታለሁ። እንዲጠራ ቀን ከሌት ተከፍቶ መዋል ያለበት ነገር ስልክ ሳይሆን ለቅሶ ቤት ነው። ለፈቀደ ብነግረው እንባው እስኪመጣ ሳቀ።

ይደውላል አልሽኝ። ለምኜ፣ የማይለመን ሰው ደጅ ጠንቼ ያስገባሁትን ሥራ ጥሎ የሄደ ልጅ ነው። የሰው መርከብ ወለል ሊወለውል። ይህን በልጅነቱ ቤቱ ውስጥ አድርጎት ቢሆን እናቱ ወገቧ ባልተቆረጠ ነበር። ሊያናግረኝ ከፈለገ የቤቴን መንገድ ያውቀዋል፤ የአቃቂ ድልድይ ካለበት አልተነቀለም።

ፓወር ባንኩ ደርሷል። እሱም የባሰበት ነው፤ ባለፈው እሁድ ከእድር ስመለስ ስልኩም ፓወር ባንኩም ሁለቱም ሞተዋል። አሰጋሽን ብጠይቃት «የሰው ዓይን ይሆናል» አለችኝና ወደ ጓዳ ገባች፤ ስትገባ ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ጉንፋን ይዟት ይሆናል። በዚያ ላይ ሰሞኑን ካርድ መግዛት ለምዳለች። ለምንድን ነው ብላት «ለዳታ ነው» አለችኝ። ዳታ ምን እንደሆነ ታውቃለች ብለሽ ነው? ከጎረቤታችን ከጋዲሴ የሰማችው ቃል ነው።

አሁን የምፈልገው ሜሞሪ ካርድ ነው። ሜሞሪው ሰፋ ቢልለት ረሃቡ ይቀንስለት ይሆናል።

አጎትሽ ቀናው


ጅቡቲ፣ ታኅሣሥ 22 ቀን 2008 ዓ.ም.

ለጋሽ ቀናው፤

ለብርሃነ ልደቱ በሰላም ያድርስዎ። እትዬ አሰጋሽን ጉንፋኗን እግዚአብሔር እንዳያሽረው በሉልኝ።

ሜሞሪ ካርድ ፎቶ ማስቀመጫ ነው፤ ከባትሪ ጋር ዝምድና የለውም። አልላክሁም።

በር ዝግ ሆኖም ይንኳኳል ብለዋል። እውነት ነው፤ ግን የእርስዎ ቤት ግቢ አለው፤ የግቢው በር ሲንኳኳ የሚሰማ ሰው ውስጥ መኖር አለበት። እርስዎ ኢሞውን ሲጠርጉ በር አይደለም የዘጉት፤ ዘበኛውን ነው ያባረሩት። ልጅዎ የሚያንኳኳው ሰው የሌለበት ግቢ ነው።

አጎቴ፣ ከዚህ በኋላ ስለ ባትሪ አልጽፍልዎትም። እኔ እንደሚመስለኝ ባትሪው ሰበብ ነው። ዘአማኑኤልን ንቀውታል። የፋብሪካ ሥራ ስላልወደደ፣ እርስዎ የለመኑለትን ስላልተቀበለ ንቀውታል። ከናቁት ይናቁት፤ አባት ነዎት፣ ማን ይከለክልዎታል? ግን በስሙ ይናቁት። በባትሪ አያሳብቡ።

እሁድ እሁድ ባትሪው የት እንደሚሄድ ደግሞ ጅቡቲ ድረስ ከመጠየቅ ቤትዎን ይጠይቁ።

ሥርጉት


ጅቡቲ፣ የካቲት 22 ቀን 2008 ዓ.ም.

ለጋሽ ቀናው፤

የሁዳዴ ጾም የበረከት ይሁንልዎ።

መልስ አልጻፉልኝም። ቢራ ደብዳቤዬን በእጅዎ እንዳስጨበጠዎ፣ ቆመው እንዳነበቡት፣ አጣጥፈው ኪስዎ እንደከተቱትና ከዚያ ወዲህ ስሜን ባነሣ ቁጥር ስለ አዲሱ ባቡር ሐዲድ እንደሚያወሩለት ነግሮኛል። ይሁን።

ይህን የምጽፈው ከራሴ አይደለም። የዘአማኑኤል ውል አልቋል። መርከቡ ለሌላ ድርጅት ተሰጥቶ ወደ ሩቅ ባሕር ሊሄድ ነው፤ የሚፈርም ሁለት ዓመት ይፈርማል፣ በመካከል አገር ቤት መግባት የለም። መጋቢት በገባ በመጀመሪያው እሁድ ጅቡቲ ይሆናሉ። ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ከእኛ ሱቅ ሆኖ በኢሞ ይደውልልዎታል። አንድ ጊዜ ብቻ። ካነሡ አይፈርምም፤ በቢራ መኪና ተሳፍሮ አቃቂ ይመጣል። ካላነሡ ይፈርማል።

በተራው ቁጥር ደውልላቸው ብዬው ነበር። «የውጭ ቁጥር አያነሣም፤ የሚያነሣ ከሆነ ራሱ በከፈተው በኢሞው ያንሣ» አለኝ። አንድ ጊዜ ብቻ ማለት የሕፃን ነገር ነው አልኩት። መልሱ እንደ እርስዎ ነው፤ ሲናደድ አፍንጫው ሳይቀር እንደ እርስዎ ነው። በሁለታችሁ መካከል ሆኜ ደብዳቤ ማመላለስ ሰልችቶኛል።

ምንም አልላክሁም። ምንም እንዳይጠይቁኝ።

ሥርጉት


አቃቂ፣ መጋቢት 15 ቀን 2008 ዓ.ም.

ይድረስ ለሥርጉት፤

ሰላም ለአንቺ፣ ሰላም ለአሠሪሽም። አቦ ይባርኩሽ፤ የምልሽ ከልቤ ነው፤ ከዚህ በታች የማስቀይምሽ ነገር ብታገኚ ይህን መጀመሪያ አንብቢው።

ደብዳቤሽ የደረሰኝ ልክ በዋዜማው ቅዳሜ ነው። ቢራን ጋላፊ ድንበር ላይ ወረፋ ይዞት ሰነበተ። አነበብኩት። ለአሰጋሽ አላነበብኩላትም። ያን ዕለት ስልኩን አልጠረግሁትም። ኢሞውን ከፍቼ ተውኩት፤ አንዱን ከተውኩ ብዬ ሬዲዮውንም፣ የቀን መቁጠሪያውንም፣ የእጅ ባትሪ መብራቱንም ሳይቀር ሁሉንም ከፍቼ ተውኳቸው። መብራቱን አሰጋሽ ናት ያጠፋችው፤ «በቀን ብርሃን ምን ያደርግልሃል?» ብላ።

እሁድ እድር አልሄድኩም። ጉልበቴን አልኳት። አሰጋሽ ግን አላረፈችም። «ስብሰባ ነው እኮ፣ ትቀጣለህ» አለችኝ። ትንሽ ቆይታ «ፈቀደ ምን ይልሃል?» አለች። ቀጥላ ደግሞ ስብሰባ ላይ ያረፈ ጉልበት እንደሚሻለው ነገረችኝ። ባሏን ከቤት ለማስወጣት እንዲህ የደከመች ሴት አላየሁም። እኔ በረንዳ ላይ ስልኩን ጭኔ ላይ አድርጌ ተቀመጥሁ። መብራት ደግሞ ጠፍቶ ነበር፤ ባትሪው ካለቀ መሙያ የለኝም፤ ፓወር ባንኩም እንደልማዱ ባዶ ነው። ዓይኔን ከባትሪው ምልክት ላይ አላነሣሁም። ሁሉም ተከፍቶ በፍጥነት ሲወርድ አየዋለሁ ብዬ ነበር፤ የወረደው እንደወትሮው ነው። ልክ ነሽ አላልኩሽም። የወረደው እንደወትሮው ነው አልኩ።

ከሰዓት በኋላ የሆነ የልጅ መጫወቻ የመሰለ ዜማ ተሰማ። ከጋዲሴ ቤት መስሎኝ በአጥሩ ላይ «ያንን ነገር ዝም አሰኙልን» ብዬ ጮኽሁ። ያ ድምፅ ከእኔ ጭን ላይ እንደሚወጣ በምን ልወቀው? ስልኩ እጄ ከገባ ጀምሮ ኢሞው እኔ ባለሁበት ጠርቶ አያውቅም።

አሰጋሽ እጇ በሊጥ እንደተለወሰ ከጓዳ ወጣች። ስልኩን ከጭኔ ላይ አነሣችው፤ አውራ ጣቷን በቀሚሷ ጠረገች፤ ያለ መነጽር፣ ሳትፈልግ፣ ቦታውን ነካችው። «አማኑ፣ ዛሬ አባትህ ቤት ነው» አለችው።

ዛሬ አባትህ ቤት ነው። ባትሪውን ማን እንደበላው ያኔ ገባኝ። ፓወር ባንኩንም፣ ካርዱንም። ልጁ ወደብ በነካ እሁድ ሁሉ እኔ እድር ተቀምጬ ስለ ቁጠባ ሳስተምር እነሱ ሲያወሩ ኖረዋል፤ ስመለስ ደግሞ ኢሞውን እኔ እንደማደርገው ጠርጋ ታስቀምጥልኛለች። አንቺም አውቀሽ ኖሯል። ሳሪስ ያለው ልጅ፣ ጋዲሴ፣ ቢራ፣ አቃቂ በሙሉ ሳያውቅ አልቀረም። አሰጋሽ በኋላ እንደነገረችኝ፣ እንዳትነግሪው ያላት እሱ ነው፤ አባቴ ራሱ ከፍቶ እንዲያነሣኝ ነው የምፈልገው ብሎ።

ስልኩን ሰጠችኝ። ድምፅህን አልሰማም ያልኩት ልጅ ድምፅ ጆሮዬ ላይ ነው። ሌሊቱን ምን እንደምለው ሳስብ ነበር ያደርሁት፤ ያሰብኩት ሁሉ ጠፋኝ። «ባትሪ ሳይጨርስ ቶሎ ተናገር» አልኩት። ከዚያ ሳቀ። ሳቁ እንደ ድሮው ነው። ደስ አለኝ፤ በጣም ደስ አለኝ፣ ሥርጉት።

እንደምታውቂው አልፈረመም። ባለፈው ሰኞ በቢራ መኪና ገባ። ከስቷል፣ ጠቁሯል፤ ጉልበቱ ላይ የተቀደደ ሱሪ ለብሷል፤ ተቀዶ ነው የተሸጠለት፤ ገንዘብ ከፍሎ። ሁዳዴ ነውና ያለ ቅቤ የተሠራ ሽሮ ቀረበለት፤ ሁለት ጊዜ አስጨመረ። ስለ ፋብሪካው አላነሣሁበትም። እሱም አላነሣም። አፍንጫው እንዳልሽው ነው።

አሁን የምጽፍልሽን ግን በደንብ አንብቢው፤ ለሐጀራም ተርጉሚላት።

እራት በልተን ስልኬን አነሣና ገለጥ ገለጥ አደረገው። ከዚያ ቀና ብሎ አየኝ። አስተያየቱን አውቀዋለሁ፤ እኔ አምፖል አብርቶ የሄደን ሠራተኛ የማይበት ነው። «አባባ፣ ይሄን ሁሉ ከፍተህ ትተህ ነው እንዴ ባትሪ አለቀ የምትለው?» አለኝ። በአውራ ጣቱ አንድ በአንድ ጠረጋቸው። ሬዲዮውን፣ ቀን መቁጠሪያውን፣ ኢሞውንም ጭምር።

«የራስህንም እንዲህ ነው የምታደርገው?» አልኩት።

«ሁልጊዜ። ባትሪ ይቆጥባል» አለኝ።

አንቺ ስትደውዪለት የማይጠራው ባሕር ላይ ሆኖ አልነበረም።

ሁለት ወር መልስ ያልጻፍኩልሽ ለምን እንደሆነ አሁን ልንገርሽ። «ዘበኛውን ነው ያባረሩት» ያልሽበት ደብዳቤ ከደረሰኝ በኋላ ሳሪስ ሄጄ ያ ልጅ በኢሞ እንዴት እንደሚደወል አሳየኝ። አሰጋሽ ገበያ በሄደች ቁጥር ለዘአማኑኤል ደወልኩለት። አንድ ቀን አይደለም። አይጠራም። ደውዬ ሳበቃ መልሼ እጠርገዋለሁ፤ በሚቀጥለው ገበያ ደግሞ ከፍቼ እደውላለሁ። ናቀኝ አልኩ። አባቱን ናቀ፣ ድምፄን መስማት አልፈለገም አልኩ። አንቺን መውቀስ ስላልቻልኩ ዝም አልኩሽ።

እሱ አልሰማም፤ ምክንያቱም እንደ እኔ ይጠርጋል። እኔም አልሰማሁም። ከዚያ ወዲያ ማን ማንን እንደናቀ አንቺው ፍረጂ። ከእባብ እንቁላል የርግብ ጫጩት አይጠበቅም፤ ልጄ ነው።

ይህን ጮክ ብዬ ሳነብ አሰጋሽ ከኋላዬ ቆማ ስትሰማ ቆይታለች። አሁን ደግሞ የእኔን ጻፍ ትላለች። የምጽፈውን ዘአማኑኤል እንዲያነብላት ስላዘዘች ቃሏን መለወጥ አልችልም። እጁ የእኔ ነው፣ ነገሩ የእሷ ነው፦

«ሥርጉቴ፣ አንድ ድንጋይ ነበረኝ፤ ቢራ ሁለተኛውን አመጣልኝ። ሁለቱም ጎን ለጎን ተቀምጠው ስልክ እየጠረጉ ነው። ከዛሬ ጀምሮ ስልኩን የምይዘው እኔ ነኝ። ሲመችሽ ደውዪልኝ፤ ይጠራል።»